ከአጨዳ በኋላ የሚቀረው ሣር የማን ነው?

በቆሎና ሣር በአንድ ማሳ ላይ አብረው ይዘሩ ቢባል፣ ብዙ ገበሬ ነገሩን እንደ ቀልድ መቁጠሩ አይቀርም። ዕድሜውን ሙሉ ጎንበስ ብሎ አረም ሲነቅል የኖረ ሰው፣ ሣርን በገዛ እጁ ዝራ ሲባል መገረሙ ተገቢ ነው። እኛም መጀመሪያ ስንሰማው ተገርመን ነበር። ቀርበን ስንመለከተው ግን፣ ከእርሻ ዘዴነቱ ይልቅ በውስጡ ያለው የፍትሕ ጥያቄ አሳሰበን።

ዘዴው በሰፊው የሚሠራበት በብራዚል ነው። የአገሪቱ የግብርና ምርምር ድርጅት ኤምብራፓ እ.ኤ.አ. በ2000 «ሳንታ ፌ» በሚል ስም ባስተዋወቀው አሠራር፣ በቆሎና ብራኪያሪያ የተባለው የቆላ ሣር በአንድነት ይዘራሉ። በቆሎው ፈጥኖ ስለሚያድግ ሣሩን በጥላው ይይዘዋል፤ ሣሩም ሳይሞት፣ ነገር ግን ሳይበረታ ከሥር ይቆያል። የበቆሎው ፍሬ ከእሸትነት አልፎ መጠንከር ሲጀምር፣ ይኸውም ከመቶ ኪሎ እርጥብ በቆሎ ውስጥ ውኃ ያልሆነው ከ30 እስከ 35 ኪሎ ያህል ሲደርስ፣ ከነአገዳው ከሣሩ ጋር ይታጨዳል። ከዚያም ተከታትፎ በጉድጓድ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ አየር እንዳይገባውም ይሸፈናል፤ በዚያም ኮምጥጦ ለወራት ሳይበላሽ የሚቆይ ገፈራ ይሆናል። ሣሩ ግን ከግንዱ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ራቁቱን ሊቀር የነበረውንም መሬት ከፀሐይና ከጎርፍ ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ ያለ ጥንቃቄ አይገኝም። ሣሩ ከመጠን በላይ ከበዛ በቆሎውን ይሻማል፤ ገፈራውም ውኃ ስለሚበዛበት በሚገባ አይኮመጥጥም። ደግሞም ሣር የተቀላቀለበት ገፈራ ሁሉ ገንቢ ነው ብለን ልናሞግስ አንወድም፤ ለከብቱ ኃይል የሚሰጠው በይበልጥ የበቆሎው ፍሬ ነው። የሣሩ ትልቅ ጥቅም የሚታየው ከአጨዳ በኋላ ነው።

እግረ መንገዳችንን እንጥቀስ፤ በ2007 ለብራዚል ገበሬዎች የቀረበው «ፒያታ» የተባለ የብራኪያሪያ ዝርያ መነሻው ወለጋ ነው። እኛ የረገጥነው ሣር ባሕር ተሻግሮ የሌላውን ሕዝብ ከብት መገበ። በዚህ የሚቆጩ አሉ፤ እኛ ግን አንቆጭም፤ በቆሎም ራሱ ከአሜሪካ ምድር የመጣልን ነውና።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የብራዚሉ ባለእርሻ መሬት አጥር አለው። በእኛ አገር ግን በብዙ ስፍራ፣ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው ለመንደሩ ከብት ይከፈታል። መሬት የሌላት አንዲት እናት ያለቻትን ላም ከበጋው የምታሻግረው በዚሁ ቃርሚያ ነው። አሁን ባለማሳው ከበቆሎው ሥር ሣር ቢዘራ፣ ሣሩ እንዲያቆጠቁጥ ማሳውን መዝጋት ግድ ይሆንበታል። እርሱ «ዘሩን የገዛሁት፣ የደከምሁት እኔ ነኝ» ይላል፤ እውነቱን ነው። እርስዋም «ላሜ በየዓመቱ እዚህ ስትውል ነበር» ትላለች፤ እርስዋም እውነትዋን ነው።

ነባሩ ልማድ በደል የለበትም ለማለት ግን አንደፍርም። ማሳው ሲከፈት አብልጦ የሚጠቀመው አሥር ከብት ያለው እንጂ አንዲት ላም ያላት አይደለችም፤ በእግር የተደቀደቀውንም መሬት የክረምቱ ጎርፍ ያጥበዋል። ስለዚህ ማሳን መዝጋት በራሱ ክፋት ነው ብለን አንፈርድም። የምንለው፣ የዘጋ ሰው ዕዳ አለበት ነው። የሩትን ታሪክ ለሕፃናት የሚያስተምሩ ካቴኪስቶቻችን ይህን ለመረዳት አይቸገሩም።

ዕዳውን ለመክፈል ላሚቱ ወደ ማሳው መግባት የለባትም፤ ሣሩ ታጭዶ ወደ ደጅዋ ሊወሰድላት ይችላል። ብራኪያሪያ ከሥሩ ተገንጥሎም ስለሚተከል፣ ለእናቲቱ የጓሮዋን ዳር የሚሸፍን ችግኝ መስጠት ባለማሳውን የሚያደኸይ አይደለም። ይህ እንደ ምጽዋት ለባለማሳው በጎ ፈቃድ መተው የለበትም ባዮች ነን። ሣሩ ከመዘራቱ በፊት፣ ማለትም የክረምቱ ዝናብ ሳይገባ፣ ስንት ሸክም ሣር ለማን እንደሚሰጥ፣ አጫጁም ማን እንደሚሆን፣ እናቲቱ ባለችበት በመንደሩ ሽማግሌዎች ፊት ይነገር።