ለልጅ ጊዜ መስጠት



በሥራችን ምክንያት ከቤተሰቦች ጋር ስንቀመጥ ደጋግመን የምንሰማው አንድ ጥያቄ አለ። «ልጃችን አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ትምህርቱ እንደ እኩዮቹ አልሆነለትም፤ ኳሱንም ይወዳል እንጂ ከቡድኑ የመጀመሪያዎቹ መካከል አይደለም። ከእንግዲህ ምን ይሆናል?» ይሉናል። ጥያቄው ስለ ኳስ ወይም ስለ ሒሳብ ብቻ አይደለም። ወደ ውስጥ ገብተን ስናየው፣ «ሰው ስንት ዓመት ሲሞላው ነው ‹ይህ ይሆናል፣ ይህ አይሆንም› ተብሎ የሚፈረድበት?» የሚል ጥያቄ ነው። ይህን ነገር ዛሬ ከራሳችን ቤት ትንሽ ራቅ አድርገን፣ ወደ አሜሪካ ኮሌጆች ሄደው በሚጫወቱ የብሪታንያ የሜዳ ቴኒስ ተጫዋቾች ታሪክ በኩል ልንመለከተው አሰብን። አንዳንድ ጊዜ የራስን ጉዳይ በሰው ታሪክ ውስጥ ማየት ይቀላልና። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቴኒስ በብሪታንያ የተከበረ ጨዋታ ነው። በለንደን የሚደረገው የዊምብልደን ውድድር በ1877 የተጀመረ ሲሆን፣ ከእርሱ የሚተርፈው ገንዘብ የአገሩን ቴኒስ ለማሳደግ ይውላል። በ2007 ደግሞ በዚያው ከተማ ብሔራዊ የማሠልጠኛ ማዕከል ተከፍቷል። ነገር ግን ገንዘቡም ሜዳውም ባለበት በዚህ አገር እንኳ ልጆች የሚለዩት ገና በለጋነታቸው ነው። አንዲ መሪ ለሥልጠና ከስኮትላንድ ወደ ባርሴሎና ሲሄድ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ኤማ ራዱካኑም የሁለተኛ ደረጃ ፈተናዋን በወሰደችበት በ2021፣ ገና በ18 ዓመቷ፣ የአሜሪካ ኦፕን ዋንጫን አነሣች። ይህን የመሰለ ታሪክ ልብን ደስ ያሰኛል። ሆኖም ጎጂ ጎንም አለው። በ18 ዓመቱ ስሙ ያልተጠራ ልጅ ያለቀለት ይመስለዋል። ወላጆቹና አሠልጣኞቹም እንደዚያው ያስባሉ።

ልጁ ተስፋ ሳይቆርጥ በራሱ ልግፋበት ቢል መንገዱ ከባድ ነው። በዓለም አቀፉ ቴኒስ በታችኛው እርከን፣ ጠቅላላ ሽልማታቸው 15,000 ዶላር የሆኑ ውድድሮች አሉ። በእነዚህ ውድድሮች በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈ ሰው የሚደርሰው ከ200 ዶላር ያነሰ ነው። ከዚያ ላይ የአውሮፕላን ትኬቱን፣ መኝታውንና ምግቡን ይከፍላል። ቢሊ ሃሪስ የተባለው የአይል ኦፍ ማን ደሴት ልጅ ለዓመታት በአንድ ቫን ውስጥ እያደረ በአውሮፓ ከውድድር ወደ ውድድር ሲዞር ኖሯል። በዊምብልደን ዋናው የነጠላ ውድድር የተሰለፈው በ2024 በ29 ዓመቱ ነው። ጽናቱ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ልጅ ቫን ውስጥ እያደረ ሊቆይ አይችልም።

ሁለተኛው መንገድ የአሜሪካ ኮሌጅ ነው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው የስፖርት ቡድኖች አሏቸው፤ በመላው አገሪቱም እርስ በርስ ይወዳደራሉ። ጥሩ የሚጫወት ልጅ ስኮላርሺፕ ያገኛል። አሠልጣኝ፣ ሜዳ፣ ሐኪምና የጉዞ ወጪ ይሟላለታል፤ ልጁም በአንጻሩ ለቡድኑ ይጫወታል፣ ክፍል ገብቶም ይማራል። የትምህርት ውጤቱ ከተወሰነው በታች ከወረደ ከጨዋታ ይታገዳል። በትምህርት ወቅት ልምምዱና ጨዋታው በሳምንት ከ20 ሰዓት እንዳይበልጥም ሕግ አለ። የውድድሩ አሠራርም የተለየ ነው። ቴኒስ በሌላው ቦታ የብቸኛ ሰው ጨዋታ ነው። በኮሌጅ ግን ስድስት የነጠላና ሦስት የጥንድ ጨዋታዎች ይደረጉና አራት ነጥብ ቀድሞ ያገኘው ቡድን ያሸንፋል። በስድስተኛው ሜዳ ላይ የሚጫወተው ልጅ ነጥብ በመጀመሪያው ሜዳ ላይ ከሚጫወተው ኮከብ ነጥብ ጋር እኩል ይቆጠራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ነው።

በዚህ መንገድ ካለፉት መካከል ካሜሮን ኖሪን እንውሰድ። ኖሪ በ2014 በቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ዓለም የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ተማሪ ሳለ ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ተጎድቷል፤ ይህም አደጋ አካሄዱን እንዲያስተካክል እንዳነቃው ራሱ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ከኮሌጅ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ ሆነ። በ2017 ዩኒቨርሲቲውን ለቆ ሙሉ ጊዜውን ለቴኒስ ሰጠ። በ2021 በ26 ዓመቱ የኢንዲያን ዌልስን ዋንጫ ሲያገኝ፣ በዚያ ውድድር በወንዶች ነጠላ ያሸነፈ የመጀመሪያው የብሪታንያ ተጫዋች ሆነ። በ2022 በዊምብልደን ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰ፤ በዚያው ዓመትም ከዓለም ስምንተኛ ሆነ። በ18 ዓመቱ ፍርድ ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር።

ፖል ጀብ ሌላው ነው። ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ በሃል ከተማ አያቱ ያሳደጉት ልጅ ነው። በደቡብ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሲማር፣ በ2019 የአሜሪካ ኮሌጆችን የወንዶች ነጠላ ሻምፒዮና በማሸነፍ ከብሪታንያ የመጀመሪያው ሆነ። በዚያው በጋ በዊምብልደን ተጫወተና በመጀመሪያው ዙር ተሸነፈ። ከዚያም ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ጄኮብ ፈርንሊ ደግሞ በቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ቆይቷል። በ2024 ቡድናቸው የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ፤ ፈርንሊም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዊምብልደን ከኖቫክ ጆኮቪች ጋር ተጋጠመ። ቢሸነፍም አንድ ሴት አሸንፎ አራት ሴት አስጫውቶታል። ዓመት ሳይሞላውም ከዓለም የመጀመሪያዎቹ መቶ ተጫዋቾች መካከል ገባ።

እንግዲህ እነዚህ ኮሌጆች ለእነዚህ ልጆች ምን ሰጧቸው? ተሰጥኦውን አልሰጧቸውም፤ ይዘውት የሄዱት ነው። የሰጧቸው ጊዜ ነው። ነገር ግን ጊዜ መስጠት ማለት «ቁጭ በል፣ አንድ ቀን ይሳካልሃል» ማለት አይደለም። ዝም ብሎ መጠበቅ ሰውን ያዝገዋል። እነርሱ ያገኙት በየማለዳው የሚሠሩበት፣ የሚጠይቃቸው ሰው ያለበት፣ ሲወድቁ የሚነሡበትና ባይሳካላቸውም ባዶ እጃቸውን የማይወጡበት ጊዜ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው የምታቅፈው ዶሮ ስትኖር ነው። ሙቀት ያልሰጡት እንቁላል ብዙ በቆየ ቁጥር ይበላሻል።

በዚህ አሳባችን ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ፤ ሦስቱም ሊናቁ የሚገባቸው አይደሉም።

የመጀመሪያው፣ «ልጁ ከሄደ አገሩንና ያሳደጉትን ይረሳል» የሚለው ነው። በብሪታንያም ይህ ስጋት ጥንታዊ ነው። ፍሬድ ፔሪ በ1934፣ በ1935 እና በ1936 ዊምብልደንን ተከታትሎ ካሸነፈ በኋላ በክፍያ መጫወት ሲጀምር፣ የአገሩ የቴኒስ ታላላቆች ፊታቸውን አዞሩበት፤ የክለቡንም አባልነት ነፈጉት። እርሱም አሜሪካዊ ዜጋ ሆነ። ነገር ግን በ1984 በዚያው በዊምብልደን ግቢ ሐውልቱ ቆመ። አገሩ ልጇን መልሳ የራሷ ለማድረግ ሃምሳ ዓመት ያህል ፈጀባት። ኖሪም ቢሆን በደቡብ አፍሪካ የተወለደ፣ በኒው ዚላንድ ያደገ፣ አባቱ ስኮትላንዳዊ እናቱ ዌልሳዊት የሆኑ፣ በቴክሳስ የበሰለና ለብሪታንያ የሚጫወት ሰው ነው። «የማን ነው?» ብሎ ከመከራከር «ስንት እጅ አሳድጎታል!» ማለት ይሻላል። መክዳት ማለት መሄድ አይደለም፤ መክዳት ማለት ያሳደጉንን እጆች መካድ ነው። ጎረቤት ተቀምጦ የሚክድ አለ፤ ባሕር ተሻግሮም የማይረሳ አለ።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «የአገሩን ልጅ ቦታ ወሰደበት» የሚለው ነው። በአሜሪካ ከፍተኛው የኮሌጅ እርከን ከወንዶች ቴኒስ ተጫዋቾች ግማሽ የሚበልጡት ከውጭ አገር የመጡ ናቸው። ለብዙ ዓመታት አንድ ዩኒቨርሲቲ ለወንዶች ቴኒስ ቡድኑ መስጠት የሚችለው ከአራት ተኩል ሙሉ ስኮላርሺፕ ያልበለጠ ነበር፤ ለሴቶች ስምንት። ሕጉ በ2025 ቢለወጥም ቦታው ዛሬም ጥቂት ነው። ስለዚህ በግብራቸው ዩኒቨርሲቲውን የሚደግፉ አሜሪካውያን ወላጆች «ልጃችንስ?» ቢሉ፣ ጥላቻ ነው ብለን ልናልፈው አይገባም። ሰው ሁሉ ለልጁ ያስባል። እኛ የሚመስለን ግን ይህ ነው፦ ስኮላርሺፕ ምጽዋት አይደለም። ተጫዋቹ በላቡ ይከፍለዋል፤ አብሮት የሚለማመደውም የአገሩ ልጅ ከእርሱ ጋር ሲታገል ይበረታል። ሆኖም የመጣው ልጅ ግዴታ አለበት። በር የተከፈተለት ሰው በሩን ከኋላው መዝጋት የለበትም። ከቡድኑ ለመጨረሻው ልጅ ራኬት ቢያቀብል፣ በስድስተኛው ሜዳ ላይ ላለው ቆሞ ቢያበረታታ፣ የተቀበለውን ጊዜ እየመለሰ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ «ባይሳካለትስ?» የሚለው ነው። እውነቱን እንናገር፦ ከሚሄዱት አብዛኞቹ ኖሪን ወይም ፈርንሊን አይሆኑም። አንዱ ጉልበቱ ይጎዳል፣ ሌላው ከቡድኑ ይወርዳል፣ ሌላውም ጨዋታው ይሰለቸዋል። ታዲያ የእነርሱ ዓመታት ባክነዋል? የኮሌጁን መንገድ ከቫኑ መንገድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ዲግሪውን ይዞ የሚወጣ ልጅ ቴኒሱ ባይሆንለት መሐንዲስ፣ መምህር ወይም አሠልጣኝ ይሆናል። ስለዚህ ጊዜ የሚሰጥ ሁሉ መጠየቅ ያለበት «ይህ ልጅ ያሸንፋል ወይ?» ብሎ ብቻ አይደለም። «ቢሸነፍ ምን ይዞ ይወጣል?» ብሎም መጠየቅ አለበት። ልጅን በአንድ ዕጣ ላይ ብቻ ማስቀመጥ ቁማር እንጂ ማሳደግ አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በእስራኤል አሥራ ስምንት ዓመት የሠራዊት መግቢያ ነው። ብዙ ወጣቶች ዩኒቨርሲቲን የሚያስቡት ከሠራዊት ከወጡ በኋላ ነው፤ ባግሩታቸውን ያሟሉና በ22 ወይም በ23 ዓመታቸው በመኺና በኩል የሚገቡ አሉ። ከእኛም መካከል በዚያ በር የገባን አለን። ኬክሮስና ሣይን መጀመሪያ ስንማር አብረውን የተቀመጡት ከእኛ ያነሱ ነበሩ፤ ዛሬ ያንን የሚያስታውስብን የለም። ይህ አገር ለዘገየ ሰው ጨርሶ በር የዘጋ አይደለም። የሚያሳዝነው ግን በሩ መኖሩ ሳይነገራቸው የሚቀሩ ልጆች መኖራቸው ነው። ቋንቋ ያልገባው ልጅ ትምህርት ያልገባው እየመሰለ በዝቅተኛ የሒሳብ ምድብ ይመደባል። ወላጆችም ምድቡ ምን ማለት እንደሆነ ሳይነገራቸው ወረቀቱ ላይ ይፈርማሉ።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ወደ ትምህርት ቤት ስትጠሩ ሦስት ነገር ጠይቁ። ልጄ የተመደበበት ምድብ ወደ ባግሩት ያደርሰዋል ወይ? ከዚህ ምድብ ወደ ላይ መውጣት የሚችለው መቼና በምን ፈተና ነው? እስከዚያ ድረስ የሚረዳው ማን ነው? ለስፖርት ወደ ሌላ ከተማ እንውሰደው ሲሏችሁም አራተኛ ጨምሩ፦ ቢጎዳ ወይም ከቡድኑ ቢወጣ ትምህርቱ ይቀጥላል ወይ? መልሱ በቃል ብቻ እንዳይሆን በጽሑፍ ጠይቁ። ለማንበብ ከከበዳችሁ ይዛችሁ ኑና አብረን እናንብበው።

በቤትም «አንተ እኮ አልቻልክም» ከማለት «ገና ነህ» እንበል። «ገና» ትንሽ ቃል ናት። ነገር ግን በማግስቱ ቀስቅሰነው፣ ደብተሩን አይተንለት፣ ከልምምድ ሲመለስ ራቱን ጠብቀንለት ካልተከተልናት ባዶ ተስፋ ሆና ትቀራለች። በአሥራ ስድስት ዓመት ላይ ያለ ልጅ ምን እንደሚሆን እኛም፣ መምህሩም፣ አሠልጣኙም አናውቅም። የማናውቀውን አንፍረድ፤ የምንችለውን እንስጠው።