ስለ ዕዳ መዝገብና ስለ እውነተኛ ዋስ

የዕዳ ሸክም ሁለት ነው። አንደኛው የገንዘቡ ነው፤ ይህ በቁጥር ይታወቃል። ሁለተኛው የኀፍረቱ ነው፤ ይህኛው ግን መስፈሪያ የለውም። ባለዕዳ በኀፍረቱ ሲጨነቅ መንገዱን ለውጦ ከወዳጁ ዐይን ይሸሻል፤ ከሚያውቀው ሰው ምክር መጠየቅን ትቶ ከማያውቀው ሰው ምክርን በገንዘብ ይገዛል። እንግዲህ ልንመረምረው የሚገባን ነገር ይህ ነው፤ ስሙ በዕዳ ምክንያት የተበላሸበትን ሰው በእውነት የሚረዳው ማን ነው? ዕዳውን የሚሰውርለት ነውን፣ ወይስ ዕዳውን አብሮት የሚሸከም?

ይህን ጥያቄ በቁሓ ላይ አድርገን ብናየው ነገሩ ይገለጣል። ቁሓ ዛሬ ከመቀሌ ክፍለ ከተሞች አንዷ ስትሆን ከአዲስ አበባ ወደ ዓዲግራት የሚወስደው ዋና መንገድ ያልፍባታል። ንግድ በዚያ አገር እንግዳ አይደለም፤ ከዓፋር ቆላ የሚወጣው አሞሌ ጨው በግመልና በአህያ ተጭኖ ወደ መቀሌ ገበያ ሲጓዝ ብዙ ዘመን ኖሯል። ንግድ ባለበትም ዱቤ አለ፤ ዱቤም ያለ መተማመን አይቆምም።

ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተነሣ ጊዜ ግን ይህ መተማመን ተናጋ። በትግራይ ያሉ ባንኮች ተዘጉ፤ በአንዳንድ ስፍራ ጥቂት ጊዜ ተከፍተው ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ ዳግመኛ ተዘጉ፤ ቀስ በቀስ ሥራ የጀመሩት የፕሪቶርያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ነው። በዚያ መካከል ሱቁ የተዘረፈበት ወይም የጭነት መኪናው የተወሰደበት ሰው «ብድሬን ልክፈል» ቢል እንኳ ገንዘቡን የሚቀበለው መስኮት አልነበረም። ሰላም ሲመጣም በሩ በተዘጋበት ዘመን ወለዱ ሲቆጠር እንደ ኖረ ሰማ፤ ይህም የትግራይ ነጋዴዎች ብርቱ አቤቱታ ሆነ።

እያለው የማይከፍልና ሳይኖረው ሊከፍል የሚወድ በኅሊና ፊት አንድ አይደሉም። መዝገብ ግን ልብን አይጽፍም፤ «ቀኑ አለፈ፤ አልተከፈለም» ብሎ ብቻ ይጽፋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የተበዳሪዎች ታሪክ የሚያዝበት የብድር መረጃ ሥርዓት አለው፤ ባንክም ከማበደሩ አስቀድሞ ይህን ይመለከታል። ሥርዓቱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ባንክ የሚያበድረው የብዙ ሰዎችን አደራ ነውና ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ስሙ በክፉ የተጻፈ ሰው ዳግመኛ ሠርቶ ለመክፈል የሚሆነውን ብድር ያጣል፤ ጭንቀቱም ከዚህ ይወለዳል።

ደላላው የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። «የውስጥ ሰው አለኝ፤ ስምህን አስፍቅልሃለሁ፤ ብቻ አስቀድመህ ይህን ያህል ስጠኝ» ይላል። ሁለተኛው «የሌለህን ንብረት እንዳለህ አድርገን ወረቀት እናዘጋጅ» ይላል። ሦስተኛው የባንኩን ዕዳ በአራጣ ይተካለታል፤ አራጣ ግን በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ነው። አንባቢ ሆይ፣ መረጃውን ለመዝገቡ የሚያቀብሉት አበዳሪዎቹ ራሳቸው መሆናቸውን አስተውል። በእውነት ያለውን ዕዳ የሚያወርደው መክፈል ወይም ከአበዳሪው ጋር መስማማት ነው፤ በስሕተት የተጻፈ ካለም ባለዕዳው ደረሰኙን ይዞ ወደ ባንኩ ሄዶ በጽሑፍ ማመልከት ይገባዋል። በሐሰት ወረቀት ለማምለጥ የሞከረ ግን፣ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደ ተባለው ይሆናል፤ ትናንት ባለዕዳ ብቻ ነበረ፤ ዛሬ ወንጀለኛም ሆነ።

ማታለሉ በአገራችን ብቻ ያለ አይደለም። በአሜሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የተበዳሪን ስም እናድሳለን የሚሉ ድርጅቶች የተናገሩትን ሥራ ሳይፈጽሙ ዋጋ እንዳይቀበሉ፣ ደንበኛቸውንም ሐሰት እንዲናገር እንዳይመክሩ ከልክሏል። ዋጋን ከሥራ ማስቀደምና ሐሰትን መምከር በየትም አገር የአታላይ ምልክት ናቸው።

በቅዱስ መጽሐፍም ሁለቱ ረዳቶች ተሥለው እናገኛቸዋለን። ዐመፀኛው መጋቢ የጌታውን ባለዕዳዎች ጠርቶ 100 የነበረውን 50፣ 100 የነበረውን 80 ብለው እንዲጽፉ አደረገ። ለባለዕዳዎቹ የራራ መሰለ፤ ነገር ግን በሰው ገንዘብ ለራሱ መጠጊያ ይፈልግ ነበር። ጌታው ብልሃቱን ቢያደንቅም ዐመፀኛ መባሉ አልቀረለትም። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ስለ አናሲሞስ ወደ ፊልሞና ሲጽፍ ዕዳው እንዲፋቅ አልጠየቀም፤ በእርሱ ላይ እንዲቈጠርና እርሱ እንዲከፍል በገዛ እጁ ጻፈ። መጋቢው ቁጥሩን ለወጠ፤ ሐዋርያው ስሙን ሰጠ።

አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። በቀድሞ ዘመን ዋስ ያጣ ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር በቁራኛ ይታሰር ነበር፤ «የዕዳ ቁራኛ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ አለ። ልማዱ ጨካኝ ነበርና መቅረቱ መልካም ነው። ሆኖም ሰንሰለቱ አበዳሪውንም ያስር ስለ ነበር የባለዕዳውን ድህነት በዐይኑ ያይ ነበር፤ የዛሬው መዝገብ ግን አንዱን ብቻ አስሮ ሌላውን ከሩቅ ያኖረዋል። ከቁራኛውም የሚያስፈታው ዋስ ነበር። በትግራይ የተቋቋመው ደደቢት የብድርና ቁጠባ ተቋምም ብዙ ድሆች በቡድን እርስ በርሳቸው እየተዋዋሱ እንዲበደሩ ያደረገው ይህንኑ መተማመን ይዞ ነው።

ምናልባት አንድ ሰው፣ «ጦርነት ያጠፋውን ሀብት ባለዕዳው ለምን ይክፈል? ቢያታልልስ ምን በደለ?» ይል ይሆናል። የጥያቄው እኩሌታ እውነት አለበት። በሩን ዘግቶ የቆየ አበዳሪ «ለምን አልመጣህም?» ብሎ ሊቀጣ አይገባውም፤ የዚያን ዘመን ወለድ ማንሣት ወይም የመክፈያውን ጊዜ ማራዘም ፍትሕ እንጂ ምጽዋት አይደለም። ነገር ግን ይህ ፍትሕ በግልጽ የሚጠየቅ ነው። ብዙዎች በአንድነት የሚያቀርቡትን እውነተኛ አቤቱታ አንድ ሐሰተኛ ሰነድ ያረክሰዋል፤ አበዳሪውም እውነተኛውን ከአታላዩ መለየት ስለማይችል ሁሉን ይጠረጥራል። እንዲህ ሆኖ ደላላ የሸጠው ውሸት ዋጋውን ያልገዛው ጎረቤት ይከፍላል።

ስለዚህ የተማረና የተከበረ ሰው ሁሉ ከዚህ ነገር ድርሻ አለው። ባለዕዳ ወደ አታላይ የሚሮጠው ብዙ ጊዜ ስንፍናው አስገድዶት ሳይሆን እኛን አፍሮ ነው። ውሉን አብሮት የሚያነብለት፣ ማመልከቻውን የሚጽፍለት፣ ወደ ባንኩም አብሮት የሚገባ አንድ የታመነ ሰው ቢያገኝ የደላላው ገበያ ይጎድላል። ሁላችን የሌላውን ዕዳ ለመክፈል አቅም የለን ይሆናል፤ ስለ እውነተኛነቱ መመስከር ግን ገንዘብ አይጠይቅም።