ቀኑ ደርሶ ነው?

ሰው ሲሞት «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ለለቀስተኛ ማጽናኛ ነውና ክፋት የለውም። ግን ይኸው ቃል ከለቅሶ ቤት ወጥቶ ሐኪም ቤት ሲገባስ?

የኩላሊት እጥበትን እንውሰድ። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር ተያይዞ ደሙ ይጣራለታል። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሲሞት ምክንያት አይታጣም። ስኳር ነበረበት፣ ልቡ ደክሞ ነበር፣ ዕድሜውም ገፍቶ ነበር። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። እውነት ስለሚመስልም ማንም አይጠይቅም።

አሜሪካ ውስጥ ግን ተጠየቀ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚያ የእጥበቱ ሰዓት እያጠረ ሄዶ ነበር። ማሽኑ ፈጠነ፣ ወጪ ይቀነስ ተባለ፣ ሕመምተኛውም ቢሆን ቶሎ ቤቱ መግባትን አይጠላም። በ1989 ዳላስ የተሰበሰቡ ሐኪሞች የየአገሩን የሕሙማን መዝገብ ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ የአሜሪካ ታጣቢዎች ከአውሮፓና ከጃፓን ታጣቢዎች ይበልጥ እንደሚሞቱ ታየ። «የእኛዎቹ እኮ ያረጁ ናቸው» ተባለ። ዕድሜ ከዕድሜ ጋር ተነጻጽሮም ልዩነቱ አልጠፋም። በ1993 ከ13 ሺ በላይ ሕሙማንን የተመለከተ ጥናት ደማቸው በሚገባ ካልተጣራላቸው ሰዎች መካከል ብዙ እንደሚሞት አሳየ። በ1997 የወጣው የሙያ መመሪያም የእጥበቱ መጠን ቢያንስ በየወሩ ይለካ አለ።

ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ሐኪሞቹ ክፉዎች ስለነበሩ አይደለም። እያንዳንዱ የሚያየው የራሱን ጥቂት ሕሙማን ነው። ከአንድ ክፍል አንድ ሰው ሲሞት ቀኑ የደረሰ ይመስላል። ሺዎች ተደምረው ሲታዩ ነው ቀኑ ያልደረሰ፣ ሰዓቱ የተቆረጠበት ሰው መኖሩ የሚገለጠው። ደግነት ብቻውን ይህን አያይም።

«ሰው ይቆጠራል ወይ?» የሚል አይጠፋም። ሽማግሌዎቻችን ልጆቻቸውን እንኳ መቁጠር አይወዱም፤ ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ የመጣውንም መቅሠፍት ያስታውሳሉ። ነገር ግን ዳዊት ያስቆጠረው ሰይፍ የሚመዝዙትን ነበር። ጉልበታቸውን ለማወቅ ሰዎችን መቁጠር አንድ ነገር ነው፤ የሚገባቸውን ማግኘታቸውን ለማወቅ መቁጠር ሌላ። የሕሙማን መዝገብ የሚቆጥረው የደከሙትን ነው። ስሙና ምስጢሩ ከተጠበቀለት፣ የሞተው ሰው በመዝገቡ በኩል ነገ እዚያው አልጋ ላይ ለሚተኛው ይመሰክርለታል።

ቁጥርም ግን ልጓም ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሞተበትን ሐኪም ቤት ማሳፈር ብቻ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሕመሙ የጠናበትን ሰው ከበር ይመልሰዋል፤ ቁጥሩ ያምራል፣ ሰውየው ይሞታል። ደግሞም መዝገብ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። በ2002 የታተመ ሙከራ የእጥበቱን መጠን ከተለመደው በላይ ከፍ ማድረግ ዕድሜ እንደማያረዝም አሳይቷል። ስለዚህ ቁጥሩ የጥያቄ መጀመሪያ ይሁን፤ «ለምን?» ለማለት።

እኛም አገር የእጥበት ማሽን ገብቷል። ለአንድ ሰው እጥበት ዘመድ ወዳጅ ገንዘብ ሲያዋጣ አይተናል። የማሽን ርዳታ ሲመጣም «ስንት ደረሱ?» ብለን እናጨበጭባለን። ደግ ነው። ግን ሌላም ጥያቄ አለ፤ ማሽኑ ላይ የነበሩት ሰዎችስ የት ደረሱ?