ለጀማሪ ወጣት የሚሆን የኪስ ካሜራ

ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ የሚገዛ የመጀመሪያ ካሜራ ሁለት ነገር ሊያሟላ ይገባል፤ ዋጋው የቤቱን አቅም የማይፈትን፣ አሠራሩም ብርሃንን በእጅ ለማስተካከል የሚፈቅድ መሆን አለበት። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሁሉን በራሱ የሚወስን ካሜራ ከሆነማ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ይበቃል፤ እንዲያውም ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ የዛሬ መካከለኛ ስልክ ከብዙ አሮጌ ካሜራ የተሻለ ፎቶ ያወጣል። ካሜራው ስልክን የሚያስከነዳው ሌንሱ ሩቁን አቅርቦ በማሳየቱና ፎቶ አነሳስን ደረጃ በደረጃ በማስተማሩ ነው። በሥራ መሀል መልእክት እየገባ ሐሳብ አለመስረቁም ቀላል ጥቅም አይደለም።

በእጅ ማስተካከል ለምን እንደሚያስፈልግ የጥምቀት ቀን በደንብ ያሳያል። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ለማውጣት የተሠራ ነው። ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ፊቱ ሲቆም ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል። ነጠላው አመድማ ሆኖ ይወጣል፤ ጠይም ፊቶችም ጠቁረው ገጽታቸው ይጠፋል። መፍትሔው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭኖ ብርሃኑን በ1 እርከን ገደማ ወደ መደመር መውሰድ ነው። ይህ ቁልፍ የሌለው ካሜራ ለተማሪ አይመከርም። ከላይ የሚዞረው ጎማ ላይ «ኤም» የሚባለው ምልክት ካለ ደግሞ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋትና የመዝጊያውን ፍጥነት ልጁ ራሱ ይወስናል፤ ሯጭን ከነእርምጃው ቀጥ አድርጎ ማስቀረት፣ የማታ መኪና መብራትንም እንደ ክር መዘርጋት የሚማረው በዚህ ነው።

ሻጭ አስቀድሞ የሚጠራው ቁጥር ግን ሜጋፒክስል ነው። ባለ 8 ሜጋፒክስል ካሜራ 3264 በ2448 ነጥብ ያለው ምስል ይሰጣል። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ቢታተም 27.6 በ20.7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ኤፎር ወረቀት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር ለጀማሪ ትርጉሙ አነስተኛ ነው። ይልቅ የሚጠየቀው የሴንሰሩ ስፋት ነው። በርካሽ የኪስ ካሜራዎች የተለመደው ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በውዶቹ ላይ የሚገኘው 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትሩ በስፋት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ብዙ ብርሃን ስለሚሰበስብም ማታ የሚነሳው ፎቶ ብዙም አይሻክርም።

በየድረ ገጹና በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ «48 ሜጋፒክስል፣ ፎርኬ» የሚል የተለጠፈባቸው አዳዲስ ርካሽ ካሜራዎች አሉ። ለልጅ ስጦታ ተብለው ብዙ ይሸጣሉ፤ ብዙዎቹም ገንዘብ ማባከኛ ናቸው። ቁጥሩ የሚሞላው ከትንሽ ሴንሰር የተገኘውን ምስል በሶፍትዌር በመለጠጥ ነው። መለየቱ አይከብድም። ካሜራው ሲበራ ሌንሱ ወደ ፊት ካልወጣ፣ ካርቶኑም ላይ «ዲጂታል ዙም» ተብሎ «ኦፕቲካል ዙም» የሚል ከሌለ፣ ያ ዙም ምስሉን ቆርጦ ከማሳደግ ያለፈ ሥራ የለውም።

በዚያው ገንዘብ ያገለገለ፣ ግን በታወቀ ፋብሪካ የተሠራ ካሜራ መግዛት ይሻላል። ዕቃው ሞልቷል፤ የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር አኃዝ እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2010 ሌንሳቸው የማይነቀል ካሜራዎች ከ100 ሚሊዮን በላይ ለገበያ ተልከው ነበር፤ በ2023 ግን 2 ሚሊዮን እንኳ አልሞሉም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ካኖን ፓወርሾት ኤ590 አይኤስ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው፤ 8 ሜጋፒክስል፣ አራት እጥፍ ኦፕቲካል ዙም፣ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያርም ሌንስ፣ ሙሉ የእጅ ማስተካከያ አለው፤ በሁለት ተራ የባትሪ ድንጋይም ይሠራል። አዲስ ካልሆነ አይሆንም ለሚል ቤተሰብ ኮዳክ ፒክስፕሮ ኤፍዜድ45 አለ፤ እሱም በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነው፤ ምንም እንኳ በማስተማር አቅሙ ከአሮጌው ካኖን ቢያንስም። በቅርብ ዓመታት አሮጌ የኪስ ካሜራ በቲክቶክ ፋሽን ሆኖ የአንዳንዱ ዋጋ ያለ ልክ ንሯል። ስሙ የገነነውን ትቶ ያልተወራለትን ሞዴል የሚፈልግ ወጣት በአነስተኛ ዋጋ ያንኑ ጥራት ያገኛል። እ.ኤ.አ. ከ2005 በፊት የተሠራውን ግን መተው ይበጃል፤ በዚያ ዓመት ብዙ አምራቾች የዚያን ዘመን ሴንሰሮች በሙቀትና በእርጥበት እንደሚበላሹ ራሳቸው አስታውቀዋል።

ባትሪና ካርድ ከካሜራው እኩል ይታሰብባቸዋል። ለሬዲዮ የሚገዛው ርካሽ ድንጋይ ካሜራ ውስጥ ጥቂት ፎቶ ካነሳ በኋላ ይደክማል፤ አራት ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎች ከነቻርጀራቸው ቢገዙ ወጪያቸውን ቶሎ ይመልሳሉ። ካርዱ ኤስዲ መሆን አለበት። የቀድሞዎቹ ኦሊምፐስና ፉጂፊልም ኤክስዲ ካርድ፣ ሶኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. እስከ 2010 ገደማ ሚሞሪ ስቲክ ይጠቀሙ ነበር፤ ሁለቱንም ዛሬ ማግኘት አድካሚ ነው። አንዳንድ አሮጌ ካሜራ ከ2 ጊጋባይት በላይ ያለውን ካርድ አያነብም። በርካሽ የሚሸጥ ትልቅ ካርድ ሐሰተኛ ሊሆን ስለሚችል ፋይል እስኪጠግብ ሞልቶ መልሶ መክፈት እውነቱን ያወጣል።

ያገለገለ ካሜራ ሳይሞከር አይገዛም። መጀመሪያ የባትሪው ቤት ይከፈታል፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ ባትሪ ፈስሶበታል፤ የክዳኑ ፕላስቲክ ጥርስ ከተሰበረም በላስቲክ ካልታሰረ አይበራም። ቀጥሎ አብርቶ ሌንሱን ማዳመጥ ነው፤ የአሸዋ መፍጨት የሚመስል ድምፅ ካሰማ፣ ወይም ወጥቶ መግባት ካቃተው፣ ጥገናው ከዋጋው ይበልጣል። ከዚያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ቀጥ ብሎ ይነሳና አራቱ ማዕዘኖች ጎልተው ይታያሉ። በአንዱ በኩል ብቻ ፊደሉ ከደበዘዘ ካሜራው ወድቆ ሌንሱ ተዛንፏል ማለት ነው። ዙሙን ዘርግቶ ጥርት ያለ ሰማይ ማንሳት ደግሞ ሴንሰሩ ላይ ያረፈውን አቧራ ጥቁር ነጥብ አድርጎ ያሳያል። ፍላሹም ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይሞከራል።

ካሜራው ከውጭ በዘመድ እጅ የሚመጣ ከሆነ ሙከራውን ላኪው እዚያው ሆኖ፣ መመለስ በሚቻልበት ቀን ውስጥ ማድረግ አለበት። የራሱን ባትሪ የሚጠቀም ካሜራ ያለ ቻርጀሩ ከመጣ ተስማሚውን መፈለግ ሌላ ጣጣ ነው። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ በኢትዮጵያው 220 ቮልት ያለ ችግር ይሠራል፤ የአሜሪካው ጠፍጣፋ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይፈልጋል። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ካለ በእጅ ሻንጣ ይያዛል፤ ከታች በሚጫነው ሻንጣ ማስገባት በአውሮፕላን ጉዞ የተከለከለ ነው።