የጸሎት ቤት ዕድሜ በምን ይመረመራል? ከቦንጋ እስከ ወለቃ

አንድ የጸሎት ቤት ጥንታዊ ነው ሲባል ጥንታዊ የተባለው በትክክል የቱ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል፤ በተለይም ቤቱ በእንጨት፣ በጭቃና በሣር በሚሠራበት አገር ጥያቄው ቀላል አይደለም። ደን በበዛበትና ዝናብ በማይለየው በካፋ ምድር በቦንጋና በአካባቢው የነገሥታቱ መኖሪያ ሳይቀር በእንጨትና በሣር ክዳን ይሠራ ስለነበር፣ እስከ 1897 እ.ኤ.አ. ከቆየው የካፋ መንግሥት ዘመን በምድሩ ላይ ይበልጥ ጎልቶ የቀረው ለመከላከያ የተቆፈረው ጥልቅ ጉድብ ነው። ስለዚህ ግድግዳን ብቻ ምስክር የሚያደርግ መርማሪ፣ የአምልኮ ታሪክ ያለውን አገር ታሪክ የለውም ብሎ ሊፈርድ ይችላል።

ክርስትና ወደ ካፋ የዘለቀው ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. በነገሡት በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ከሰሜኑ ቤተ ክህነት ጋር የነበረው ግንኙነት በመዳከሙ፣ የካፑቺን ማኅበር ሚሲዮናዊ የነበሩት ጉሊኤልሞ ማሳያ በ1859 እ.ኤ.አ. ካፋ ሲገቡ ክርስቲያን የሚባሉ፣ ነገር ግን በቂ ካህንና መጽሐፍ የሌላቸው ወገኖች ነበሩ። እዚህ ሕዝቡ ከስፍራው አልለቀቀም፤ የተቋረጠው ሥርዓቱን የሚያስተምረው ወገን ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሚገኘው ዐፄ ሠርፀ ድንግል በሰሜን ከተዋጓቸው ከኢትዮጵያ አይሁድ፣ ከቤተ እስራኤል ዘንድ ነው። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን በምትገኘው በወለቃ መንደር ጎብኚዎች የሚያዩት ምኩራብ፣ ማለትም የአይሁድ የጸሎት ቤት፣ አለ፤ ማኅበረሰቡ ይህን መሰሉን ቤት መስጊድ ይለዋል፤ የመስገጃ ስፍራ ማለት ነው። ይሁን እንጂ የአካባቢው ቤተ እስራኤል አብዛኛው በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. በተካሄዱት የማጓጓዝ ዘመቻዎችና ከዚያም ወዲህ ወደ እስራኤል ስለሄደ፣ ቤቱ በቀረበት ስፍራ ጸሎተኛው የለም። በአምቦበር አቅራቢያ በተራራ ላይ ይከበር የነበረው የሰግድ በዓል፣ ማለትም የጾም፣ የኦሪት ንባብና የቃል ኪዳን መታሰቢያ ዕለት፣ ዛሬ በኢየሩሳሌም ይከበራል።

ታዲያ የቀረው ቤት ስለ ማኅበረሰቡ አመጣጥ ምን ይመሰክራል? በቅድሚያ ለዓይን የሚቀርበው የዳዊት ኮከብ ነው፤ ነገር ግን ይህ ምልክት በአውሮፓ ምኩራቦች ላይ እንኳ በሰፊው የተለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለሆነ፣ በኢትዮጵያ ከውጭ አይሁድ ጋር የተደረገ ቅርብ ግንኙነትን ቢያሳይ እንጂ የጥንቱን ዘመን ሊያስረዳ አይችልም። ከምልክቱ ይልቅ የቤቱ አከፋፈል የበለጠ የሚናገር ይመስላል፤ ካህናት ብቻ የሚገቡበት ቅድስተ ቅዱሳን የተባለ ውስጠኛ ክፍልና በቅጥሩ ውስጥ ለፋሲካ መሥዋዕት የሚሆን መሠዊያ መኖሩ፣ የሙሴን ሕግ ያስታውሳልና። ሆኖም ጎረቤቱ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብላ የተከፈለች ናት፤ ሁለቱም የሚያነቡት በግእዝ የተተረጎመውን ኦሪት ስለሆነ፣ መመሳሰላቸው ዝምድናን እንጂ ማን ከማን እንደወሰደ አያሳይም።

ከዚህ በኋላ የሚቀርበው ክርክር በጎደለው ነገር ላይ ይቆማል፦ ቤተ እስራኤል ታልሙድን፣ ማለትም ሊቃውንተ አይሁድ ያዘጋጁትን የሕግና የትርጓሜ ስብስብ፣ ስለማያውቁ ከመዘጋጀቱ በፊት ከሌላው አይሁድ ተለይተዋል ይባላል። ነገር ግን በአገር ውስጥ ኦሪትን አጥብቆ ከመያዝ የተነሣ ማኅበረሰብም ታልሙድን ላያውቅ ስለሚችል፣ ይኸው ጉድለት ለሁለቱም አስተያየት እኩል ያገለግላል። የራሱ የማኅበረሰቡ ትውፊትም የምንኩስናውንና የጸሎቱን ሥርዓት መደራጀት ከ15ኛው ክፍለ ዘመኑ መነኩሴ ከአባ ጽብራ ጋር ያያይዘዋል። የሙዚቃ ተመራማሪዋ ኬይ ካውፍማን ሸለመይ በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ጸሎቱና ዜማው ከኢትዮጵያ ክርስቲያናዊ ሥርዓት ጋር የጠበቀ ትስስር እንዳለው አሳይተዋል። ይህ ግን ሥርዓቱ የደረሰበትን መልክ እንጂ የሰዎቹን የዘር ሐረግ አይወስንም። ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 እ.ኤ.አ. ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ ናቸው ብለው የሰጡት ውሳኔም የማኅበረሰቡን የአይሁድነት መብት ያጸና የሃይማኖት ፍርድ ስለሆነ፣ የታሪክን ክርክር ይዘጋል ተብሎ ሊጠበቅ አይገባውም፤ መብቱም በታሪክ ምርመራው ውጤት ላይ የሚንጠለጠል አይደለም።

ይህ ሁሉ ጥርጣሬ የሚያደርሰው ምንም አይታወቅም ወደሚል ድምዳሜ ሳይሆን ምስክሮችን ለይቶ ወደ መስማት ነው። ስፍራው፣ ሕንጻው፣ ሥርዓቱና ሕዝቡ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዘመን አላቸው፤ በወለቃ ሕንጻው ቆሞ ሥርዓቱና ሕዝቡ ሲሄዱ፣ በካፋ ደግሞ ሕዝቡ ጸንቶ ሕንጻውና ትምህርቱ ተቋርጠዋል፤ በመሆኑም የአንዱን ዕድሜ ለሌላው ማዋስ ስህተት ነው። በቦንጋም ሆነ በጎንደር ስለ አንድ የጸሎት ቤት የብዙ መቶ ዓመት ዕድሜ የሚናገር ሁሉ ከአራቱ ስለየትኛው እንደሚናገር አስቀድሞ ሊገልጽ ይገባል፤ ሰሚውም ይህ ሳይገለጽለት ለማመንም ሆነ ለመካድ መቸኮል የለበትም።