የቃል ባለቤት

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው የአበው ምሳሌ ስለ ዝና ብቻ የተነገረ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን ስም የዝና ብቻ ሳይሆን የኀላፊነትም ምልክት ሆኖ እናገኘዋለን። በአንድ ጽሑፍ ግርጌ ስሙን የሚያኖር ሰው፥ ቃሉ የእርሱ መሆኑንና በቃሉም ምክንያት ጥያቄ ቢነሣ መልስ የሚሰጠው እርሱ ራሱ መሆኑን ማረጋገጡ ነው። እንግዲህ መልካም ቃል መናገር አንድ ነገር ነው፤ ለተናገሩት ቃል ባለቤት መሆን ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ፥ ሰው ስለ አገርና ስለ መንግሥት ለመናገር መብት የሚያገኘው ከወዴት ነው? የሚለው ነው። ምስክር አድርገን የምንጠራቸውም ባለፉት ዘመናት በእንግሊዝ፥ በፈረንሳይና በአሜሪካ የፖለቲካ ጽሑፍ የጻፉና ያሳተሙ ሴቶች ናቸው። እነርሱን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ወንድ ጸሐፊ ስሙን ሲያኖር የሚጠየቀው ስለ ጻፈው ነገር ነበር፤ ሴት ስሟን ስታኖር ግን አስቀድማ የምትጠየቀው ለመጻፍ ማን እንደ ፈቀደላት ነበር። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

እርግጥ ነው፥ ሥልጣን ያላት ሴት ቃሏ ይሰማ ነበር። በአገራችን ንግሥት እሌኒ በዐፄ ልብነ ድንግል የሕፃንነት ዘመን መንግሥቱን ሲጠብቁ፥ ለፖርቱጋል ንጉሥ ለማኑኤል ደብዳቤ ጽፈው በማቴዎስ እጅ ልከዋል፤ መልእክተኛውም በ1514 ሊዝቦን ገብቷል። ደብዳቤውን የተቀበሉት ሰዎች፥ «ይህች ሴት ስለ መንግሥት ጉዳይ ምን አገባት?» ብለው ሊጠይቁ አይችሉም ነበር፤ ከቃሉ በስተ ኋላ ዙፋን ቆሞ ነበርና። እኛ የምንመረምረው ግን ከቃሏ በስተ ኋላ ዙፋን ያልነበራትን ሴት ዕድል ነው።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት በአማርኛ ይነገር እንጂ ሐሳቡ የብዙ አገር ነው። እንግሊዞች ንጉሣቸውን ቀዳማዊ ቻርልስን በሞት በቀጡበት በ1649 ዓመት፥ «ሌቨለርስ» ይባሉ የነበሩት የሕዝብ እኩልነት ጠያቂዎች መሪዎቻቸው ታስረውባቸው ነበር። በሚያዝያና በግንቦት ብዙ ሴቶች ተሰብስበው እስረኞቹ እንዲፈቱ የታተመ አቤቱታ ይዘው ወደ ምክር ቤቱ ሄዱ። የተሰጣቸው መልስ፥ ነገሩ ከማስተዋላቸው በላይ እንደ ሆነ፥ ምክር ቤቱም ለባሎቻቸው መልስ እንደ ሰጠ፥ እነርሱም ወደ ቤታቸው ተመልሰው ጓዳቸውን እንዲመለከቱ የሚነግር ነበር። ሴቶቹ ግን ዝም አላሉም። በግንቦቱ አቤቱታቸው፥ በእግዚአብሔር አምሳል እንደ ወንዶቹ የተፈጠሩ መሆናቸውንና ከአገሪቱም ነጻነት ድርሻ ያላቸው መሆኑን ገልጠው ጻፉ።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሕግ ያገባችን ሴት ሰውነት በባሏ ሰውነት ውስጥ የተጠቀለለ አድርጎ ይቈጥረው ነበር። በስሟ ውል መዋዋል አትችልም ነበር። ዳሩ ግን ሕጉ የዘጋውን በር የእጅ ሥራ ከፈተው። የሎንዶን አታሚዎች ማኅበር የባል ማተሚያ ቤት ሲሞት ለሚስቱ እንዲተላለፍ ልማድ ስለ ነበረው፥ ባል በሕይወት ሳለም ሚስትና ሴት ልጅ በማተሚያው ሥራ ይካፈሉ ስለ ነበር፥ ፊደል መልቀምና ወረቀት ማሰራጨት የሚያውቁ ሴቶች ብዙ ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ የአታሚው የቶማስ ጄምስ ሚስት ኤሊኖር ጄምስ ናት። ይህች ሴት ከ1681 እስከ 1716 ድረስ ለነገሥታት፥ ለምክር ቤቶችና ለከተማ ሹማምንት ምክርና ተግሣጽ የሚሰጡ ነጠላ ወረቀቶች እየጻፈች ታሳትም ነበር። በብዙዎቹም ላይ ስሟን በአርእስቱ ውስጥ በግልጽ ታኖረው ነበር። በ1689 የንጉሥ ዊልያምን ዘውድ መቀበል ነቅፋ ስለ ጻፈች ኒውጌት በሚባለው ወህኒ ቤት ተጣለች።

እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ተቃርኖ እናያለን። በ1649 ለሴቶች የተነገራቸው ነገሩ የእነርሱ እንዳልሆነ ነበር፤ በ1689 ግን አንዲት ሴት ስለዚሁ ነገር በመጻፏ ታሰረች። ነገሩ የእርሷ ካልሆነ ስለ ምን ትጠየቅበታለች? የምትጠየቅበት ከሆነስ ስለ ምን የእርሷ አይሆንም? ለምክር ጊዜ እንደ ሕፃን፥ ለቅጣት ጊዜ እንደ ሙሉ ሰው መቈጠር ከፍርድ ሚዛን የወጣ ነገር ነው።

ይህን ተቃርኖ ከሁሉ አጥርታ ያየችው ፈረንሳዊቱ ኦሎምፕ ደ ጉዥ ናት። በ1789 የወጣው የሰውና የዜጋ መብት መግለጫ ሴቶችን የዘነጋ መሆኑን ተመልክታ፥ በመስከረም 1791 የሴትና የሴት ዜጋ መብት መግለጫ ጻፈች። በዐሥረኛው አንቀጽ ያቀረበችው ክርክር፥ ሴት ወደ መቀጫው መድረክ ለመውጣት የተገባች ከሆነች ወደ መናገሪያውም መድረክ ለመውጣት የተገባች ናት የሚል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕዝቡ ከሦስት ዐይነት አገዛዞች የሚወደውን በድምፅ እንዲመርጥ የሚጠይቅ የግድግዳ ማስታወቂያ ስላዘጋጀች ተያዘች፤ በኅዳር 3 ቀን 1793ም በፓሪስ አንገቷ ተቈረጠ። የመቀጫው መድረክ አልተከለከለችም፤ የተከለከለችው ሌላው መድረክ ነው። በዚያው ወር ሾሜት የተባለ የከተማው ባለሥልጣን፥ በመንግሥት ጉዳይ ለመግባት ለሚያስቡ ሴቶች የእርሷን አሟሟት መቀጣጫ አድርጎ ጠቀሰው።

ምናልባት፥ «ስምን ማኖር የመልካም ጸሐፊ ምልክት ከሆነ፥ ስማቸውን ሸሽገው የጻፉት ሁሉ ፈሪዎች ናቸውን?» የሚል ጠያቂ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሜሪ ዎልስቶንክራፍት የኤድመንድ በርክን መጽሐፍ በመቃወም ስለ ሰው መብት የጻፈችውን መልስ በኅዳር 1790 ያሳተመችው ያለ ስም ነበር። የበርክ መጽሐፍ ከወጣ ገና አንድ ወር አልሞላም ነበር። በታኅሣሥ ሁለተኛው እትም ሲወጣ ግን ስሟ ታተመበት፤ በ1792 ስለ ሴት መብት የጻፈችው ዝነኛ መጽሐፍም በስሟ ወጣ። እንግዲህ ስምን መሸሸግ ሁለት ዐይነት ነው እንላለን። አንደኛው ከተጠያቂነት ለማምለጥ የሚደረግ ነው፤ ሰውን በጨለማ እንደ መውጋት ነውና ነውር ነው። ሁለተኛው ግን፥ አንባቢው የጸሐፊውን ማንነት አይቶ መጽሐፉን ሳይገልጥ እንዳይፈርድ፥ ምክንያቱ በቅድሚያ እንዲመዘን ተብሎ የሚደረግ ነው። በዚህ ጊዜ ነውሩ በጸሐፊው ላይ ሳይሆን በአንባቢው ላይ ይወድቃል። ያለ አድልዎ የሚመዝን አንባቢ ባለበት አገር እንዲህ ያለው መሸሸጊያ አያስፈልግም ነበርና።

ኀላፊነቱም የጸሐፊ ብቻ አይደለም። የሌላውን ቃል ወደ አደባባይ የሚያወጣ ሰውም ከቃሉ ድርሻ አለው። በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ሜሪ ካተሪን ጎዳርድ የምትባል አታሚ ነበረች፤ ከ1775 ጀምሮም የከተማዪቱ የፖስታ ቤት ሹም ነበረች። በጥር 1777 ጦርነቱ ገና ሳይለይለት፥ የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ከፈራሚዎቹ ስም ጋር መጀመሪያ ያተመች እርሷ ናት። መግለጫውን መፈረም በእንግሊዝ ንጉሥ ፊት የክሕደት ወንጀል ነበር። በጋዜጣዋ ላይ የስሟን የመጀመሪያ ፊደሎች ከቤተ ሰቧ ስም ጋር ብቻ ማኖር ልማዷ ሲሆን፥ በዚህ ወረቀት ግርጌ ግን ሙሉ ስሟን አተመች። ፈራሚዎቹ የገቡበት አደጋ ለእርሷም እንዲሆን ፈቀደች ማለት ነው።

ነጻነቱ ከተገኘ በኋላ በ1789 ከፖስታ ቤት ሹመቷ ተሻረች። የተሰጠው ምክንያት ሥራው ሴት ከምትችለው በላይ መንገድ መሄድን ይጠይቃል የሚል ነበር። ከ200 የሚበልጡ የከተማው ሰዎች እንድትመለስ በፊርማቸው ቢለምኑም አልተመለሰችም። ዐሥራ አራት ዓመት የሠራችበት ሥራ አይቻላትም ተባለ። በአደጋ ጊዜ ስሟ የተገባ ነበር፤ በሹመት ጊዜ ግን የተገባ ሳይሆን ቀረ።

ይህን ሁሉ ስንናገር የእነዚህን ሴቶች አስተያየት በሙሉ ትክክል ነው ለማለት አይደለም። ኤሊኖር ጄምስ ለተሻረው ንጉሥ ስትከራከር፥ የ1649ቶቹ ሴቶች ከነገሥታት ጠላቶች ወገን ነበሩ፤ ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ እውነተኛ ሊሆን አይችልም። ስም ሐሰትን እውነት አያደርግም። ስም የሚያደርገው ቃሉን ተጠያቂ ማድረግ ነው፤ ተጠያቂ የሆነ ቃል ቢሳሳት ሊታረም ይችላል፤ ባለቤት የሌለው ቃል ግን ቢያጠፋም የሚታረምበት መንገድ የለውም።

ስለዚህ ከፍ ብለን ላነሣነው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ስለ አገር የመናገር መብት ከኀላፊነት አይለይም። በሕግ የሚጠየቅ ሰው ሁሉ፥ ወንድ ቢሆን ሴት፥ ስለ ሕጉ ሊናገር ይገባዋል፤ የሚናገርም ሁሉ ለቃሉ ሊጠየቅ ይገባዋል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መውሰድ ግፍ ወይም ስንፍና ነው፤ ሰውን እያስጠየቁ አፉን መዝጋት ግፍ ነው፤ እየተናገሩ ከመጠየቅ መሸሽ ስንፍና ነው።

በየጽሕፈት ቤቱ ወረቀት ለምንፈርም፥ በየትምህርት ቤቱም ለምናስተምርና ለምንማር ሰዎች ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። አንድ ሐሳብ ሲቀርብልን አስቀድመን የምንጠይቀው «ማን ነው ያለው?» ብለን ከሆነ፥ ደ ጉዥን መቀጣጫ ካደረጋት ሰው ብዙ አልራቅንም። ያላመንንበትንም ወረቀት፥ ኀላፊነቱ የበላዬ ነው እያልን ከፈረምን፥ ስማችንን አኖርን እንጂ ቃላችንን አላኖርንም። አበው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያሉት ቃልን ከልጅ ስለሚያስበልጡ አልነበረም፤ ባለቤት የሌለው ቃል አገርን እንደሚጎዳ ስለሚያውቁ ነበር እንጂ።