ሳይጠራ ስለ ተላከው ውኃ

ውኃ ላጣ ሰው ድፍርሱን ውኃ መስጠት ቸርነት ነውን ወይስ በደል? ይህ ጥያቄ ለክርክር ያህል የተነሣ አይደለም፤ በአሜሪካ አገር፥ በሰሜን ካሮላይና ግዛት፥ የአሽቪል ከተማ ሹማምንት በሥራ ሊመልሱት የተገደዱበት ነው እንጂ።

መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፥ እኛ የመስቀልን በዓል በምናከብርበት ዕለት፥ ሄሊን የተባለው ዐውሎ ነፋስ ያመጣው ጎርፍ ከኖርዝ ፎርክ ግድብ ወደ ከተማው የሚወርዱትን ታላላቅ ቧንቧዎች ጠርጎ ወሰዳቸው። ከእነዚህም አንዱ፥ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ከደረሰው ጎርፍ በኋላ፥ ሌላው ቢሰበር ምትክ ይሆናል ተብሎ 25 ጫማ ያህል ተቆፍሮ የተቀበረ ነበር። የቆፈሩት ሰዎች የሚነቀፉ አይመስለኝም፤ ላዩት ጎርፍ ተጠንቅቀዋል፤ ላላዩት ግን በምን ይለኩ?

የምትኩን ቧንቧ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ መልሰው ዘረጉት። ነገር ግን የግድቡ ውኃ በሸክላ አፈር ደፍርሶ ነበር፤ ማጣሪያውም ያን ያህል ድፍርስ ውኃ እንዲያጣራ የተሠራ አልነበረም። እስኪጠራ ቢጠብቁ ሕዝቡ ለመጸዳጃና ለእሳት ማጥፊያ እንኳ ውኃ አጥቶ ሊሰነብት ነው፤ ቢልኩት ደግሞ ሕፃን ሳያውቅ ሊጠጣው ነው። እነርሱም ክሎሪን አብዝተው ጨምረው ላኩት፤ ሳይፈላ እንዳይጠጣም ዐወጁ።

በእኔ ግምት መላካቸው በደል አልነበረም፤ በደል የሚሆነውስ ድፍርሱ ንጹሕ ነው ተብሎ ቢላክ ነበር። ውኃ የሚቀዳ ሰው ከመሬት በታች ያለውን ቧንቧ አያይም፤ የሚያምነው የተነገረውን ቃል ነው። ስለዚህ መሥመሩን የሚያድስ ሰው ብረቱን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም አብሮ ይዘረጋል።

ቃሉ ግን እውነት ሆኖ ሳለ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል። ከጎርፉ በኋላ የቧንቧው ብረት እንዳይበላ የሚጠብቀው መድኃኒት ለ19 ቀን ያህል ተቋርጦ ነበር። በኅዳር ወር መጀመሪያም በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ውኃ ውስጥ፥ ከግድቡ ሳይሆን ከአሮጌ የሕንፃ ቧንቧ የመጣ፥ እርሳስ የተባለው ማዕድን መገኘቱ ተነገረ። እርሳስን ደግሞ ማፍላት አያጠፋውም። እንግዲህ አንዲት እናት በዚያ ወራት የታዘዘችውን ሁሉ ፈጽማ፥ ውኃውን አፍልታና አቀዝቅዛ ለልጇ ብታጠጣው፥ ከተሐዋስያኑ ታድነዋለች፤ ከእርሳሱ ግን ላታድነው ትችል ነበር። እኔን የሚያስጨንቀኝ ድፍርሱ ውኃ ሳይሆን ይህ ነው፤ ድፍርሱንስ ሁሉም በዓይኑ ያየዋል።

አዋጁ የተነሣው ኅዳር 9 ቀን፥ ጎርፉ ከደረሰ በ53ኛው ቀን ነው። በአሮጌ ቤት የሚኖሩት ሰዎች ግን በቧንቧ ውስጥ ያደረውን ውኃ ጥቂት አፍስሰው እንዲቀዱ ተመክረው ነበር።